የቨርሊን ስቲደም ክብደት

የእህቴ ባል ቨርሊን ስቲደም በዚህ ሸለቆ ውስጥ ያልተደባደበው ጎረቤት የለም ብል ማጋነን አይሆንም። በከሰል ማዕድኑ ሠራተኞች አድማ ጊዜ፣ አድማውን ሰብሮ ለኩባንያው ሊሠራ ከሌላ አውራጃ የመጣ የአንድ ጎረምሳ ጆሮ በጥርሱ ቆርጦ አስፋልቱ ላይ የተፋው እሱ ነው። አንዱን አለቃ ደግሞ የማዕድኑ ጣሪያ ሳይደገፍ «ግቡ!» ብሎ ስላዘዘ የፊት ጥርሶቹን አራግፎለት ከሥራ ተባረረ፤ ወር ሳይሞላ ግን ለምነው መለሱት፤ ከመሬት በታች እንደሱ አድርጎ ጣሪያ የሚደግፍ ሰው አላገኙም። እህቴን ዴሲንም አንድ ጊዜ በጥፊ መቷታል። አንድ ጊዜ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ዴሲ የምድጃውን የብረት ክዳን አንስታ የአንገቱን አጥንት ሰበረችው፤ ከዚያ በኋላ ተከባብረው ኖሩ። እኔ ኖቬላ ነኝ፤ ቤቴ ከነሱ ቤት ጅረቱን ተሻግሮ ነው። ደግ ሰው ነበር ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። እወደው ነበር፣ በቃ።

ልጃቸው አንዲት ናት፤ ራሞና ትባላለች። ራንዳል የሚባል ግንድ ጫኝ የከባድ መኪና ሹፌር አገባች። ራንዳል መልኩ ያምራል፤ ሲስቅ ሰው ሁሉ አብሮት ይስቃል። ሲጠጣ ግን እጁ አያርፍም። በሠርጋቸው ዕለት ቨርሊን ማጅራቱን በአንድ እጁ ጨብጦ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወሰደው፤ እኔም ነገር ስለምወድ ተከተልኳቸው።

«ስማኝ፣» አለው። «ልጄን ከነካሃት አሳማ እንደማርደው ነው የማርድህ። አንገትህ ላይ የት ጋ እንደምወጋህ አሁኑኑ ላሳይህ?»

«ኧረ እኔ አልነካትም፣ አባባ!» አለ ራንዳል፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይልቀቁኝ።»

ለጥቂት ዓመታት ቃሉን ጠበቀ። የጠበቀው ፈርቶ እንጂ ፍቅር ይዞት አልነበረም፤ ይህን ቨርሊንም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

ችግሩ የቨርሊን ጉልበት ማለቁ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የማገው የከሰል አቧራ ሳንባው ላይ ተጋግሮ ቀረ። ከበረንዳው ተነስቶ ጋጣው እስኪደርስ መንገድ ላይ ይቀመጣል፤ ጥቂት እንደጎረሰ ትንፋሽ ያጥረውና ሳህኑን ይገፋል። ሥጋውም ከትንፋሹ ጋር አብሮ ሄደ። በበር ሲገባ ጎኑን አዙሮ ይገባ የነበረ ሰውዬ፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ የተሰጣ ልብስ መሰለ።

እኛ ጋ አሳማ የሚታረደው የመጀመሪያው ውርጭ ሲወርድ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ቨርሊን ግቢ ይሰበሰባል፤ ሚዛኑም ቢላውም የእሱ ነው፤ አሳማውን ግንባሩን በመዶሻ ብሎ የሚወጋውም እሱ ነው። አሳማዎቹ ተመዝነው ሲያልቁ ወንዶቹ በተራ ከሚዛኑ መንጠቆ ላይ የታሰረውን ጠፍር ይዘው ይንጠለጠላሉ፤ አንዱ ደግሞ ክብደታቸውን ጮክ ብሎ ይጠራል። የከበደ ይኮራል፣ የቀለለ ይሰደባል፤ ዓመቱን ሙሉም ያ ቁጥር ስም ሆኖ ይጠራበታል። ቨርሊን በደህናው ጊዜ ጠፍሩን ሲይዝ ሚዛኑ የተሰቀለበት ግንድ ይንቋቋ ነበር።

በዚያ ዓመት ቨርሊን ቢላውን እያጠበ ከሚዛኑ ሊርቅ ሲል፣ ራንዳል ከኋላው መጥቶ ብብቱን ይዞ አነሳውና በቱታው ማንገቻ መንጠቆው ላይ ሰቀለው።

«ኧረ ጉድ! ይሄ ሽማግሌ ለቋሊማ እንኳ አይበቃም!» ብሎ ጮኸ። «መቶ ሠላሳ ፓውንድ! ከነጫማው!»

ሰው ሳቀ። እግዜር ይይላቸው፣ ሳቁ። ራሞና እዚያው ገንዳ አጠገብ ጎንበስ ብላ አንጀት ታጥብ ነበር፤ ቀና አላለችም።

«አውርደኝ! አውርደኝ፣ አንተ የውሻ ልጅ!» ቨርሊን አየሩን እየረገጠ ነው።

ማንገቻው ተበጥሶ ወደቀ። ተነስቶ ጡጫውን ሰነዘረ፤ ጡጫው ሳይደርስ ሳሉ ቀደመውና የአሳማው ደም ላይ ተንበርክኮ ጥቁር አክታ ተፋ። ራንዳል ጡጫውን ሲያይ እንኳ አልሸሸም። ቆሞ ወደ ታች ተመለከተው፤ ከዚያ ዞር ብሎ ራሞናን አየ። እኔ ያን አስተያየት አልወደድኩትም።

በሳምንቱ ራሞና አንድ ዓይኗ ተደፍኖ፣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ መጣች። ሆዷ ገና መታየት ጀምሯል።

«ደረጃ ላይ ወድቄ ነው፣» አለች።

«ደረጃችሁ ቀለበት ያደርጋል እንዴ?» አለቻት ዴሲ፣ ጉንጯ ላይ የቀረውን ምልክት እያየች።

ቨርሊን ጠመንጃውን አንስቶ መኪናዬ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ዴሲ ጥይቶቹን ከደበቀች ቆይታለች፤ እሱ ግን መጉረሱን ለማየት እንኳ ጊዜ አልነበረውም። እኔም ነዳሁ። ለምን ነዳሽ የሚለኝ ሰው ካለ፣ እንደኔ ራሞናን ከልጅነቷ አላሳደጋትም። ራንዳል በሩ ላይ ጠበቀን። ባዶውን ጠመንጃ ከቨርሊን እጅ መንጭቆ በሰደፉ ሆዱን ደሰቀውና ጭቃው ላይ አስቀመጠው።

«ሂድ ሽማግሌ፣» አለው። «መጀመሪያ መተንፈስ ተለማመድ።»

ከጭቃው ያነሳሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን አንስቼ መኪና ውስጥ አስገባሁት፤ እሱን ብቻዬን ማንሳት መቻሌ ከጥፊ በላይ አመመኝ። ያን ቀን ራንዳልን በመኪናዬ ልጨፈልቀው ተመኝቻለሁ፤ አለማድረጌ ዛሬም ይቆጨኛል።

መንገድ ላይ ትንፋሹ ሲመለስ፣ «ኖቬላ፣» አለኝ።

«ወዬ።»

«ጥይት አያስፈልገኝም። ሥጋዬን ነው መመለስ ያለብኝ። ያ ልጅ የሚፈራው እሱን ነው።»

ከዚያ ወዲህ ቨርሊን የኖረው ለዚህ ብቻ ነው። ራሞና ባሏን ትታ እስክትወጣ ድረስ ባሏ እንዲፈራ ማድረግ።

ክሊኒክ የሄደው በራሱ ፈቃድ ነው፤ ዴሲ ተገርማ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነርሷ ሚስስ ኮምብስ ደረቱን አዳምጣ፣ ክንዱን ለክታ ነገረችው።

«ሚስተር ስቲደም፣ እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንኳ፣ ሰው ዳገት ሲሮጥ የሚያወጣውን ጉልበት ነው ለትንፋሽ የሚያወጡት። የሚበሉት ሁሉ እዚያ ያልቃል። ካልበሉ ደግሞ ሰውነትዎ የራሱን ጡንቻ ነው የሚበላው። ስለዚህ ይብሉ። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ። እንቁላል፣ ወተት፣ ዶሮ። ጨው ግን እንዳይነኩ፤ የልብዎን ድምፅ አልወደድኩትም።»

ቨርሊን የሰማው «ይብሉ» የሚለውን ነው። ዴሲ ጨው የሚለውንም ሰምታለች፤ ግን በኛ ሸለቆ ጨው ማለት ሰው ገበታ ላይ የሚነሰንሰው ነገር ነው። ዴሲ የጨው ዕቃውን ከገበታው አንስታ ቁምሳጥን ላይ ደበቀችው። ከዚያ በጨው ታሽቶ ከርሞ የደረቀውን የአሳማ ታፋ በውሃ ዘፈዘፈች፣ ውሃውን ደፋች፣ «ይኸው፣ ጨዉ ወጣለት» አለች። በሞራ ጠበሰችው። ቦሎቄውንም በጨው በተያዘ ስብ ቀቀለችው፤ ያለ ስብማ ቦሎቄ ማን ይበላል? እኔም ከቤቴ የራሴን ታፋ እየቆረጥኩ አመጣለሁ፤ የበቆሎ ዳቦ በመረቅ አርሼ አጎርሰዋለሁ። ሲያንቀው ይቆማል፣ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይጎርሳል። ምግብ እንደዚያ በጥላቻ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም። ራንዳልን የሚያኝክ ይመስል ነበር።

ክብደቱም ጨመረ! ጸደይ ሲገባ ራሞና ሴት ልጅ ወለደች፤ ቨርሊንም ጋጣው ውስጥ ሚዛኑ ላይ ሲንጠለጠል ግንዱ እንደ ድሮው ተንቋቋ። ዴሲ እያለቀሰች በሸለቆው ሁሉ አወራች። ሆዱ ቱታውን ሞላው፣ ጉንጩ ተነፋ። ቅዳሜ ቅዳሜ ራንዳል ቤት ፊት ለፊት መኪናዬን አስቁሞኝ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ይቀመጣል፤ በዚያ ሙቀት ወፍራም ካፖርቱን ለብሶ። ራንዳል በረንዳው ላይ ሆኖ ያየዋል።

«ደህና ዋሉ፣ አባባ?» ይላል በመጨረሻ።

«እየበላሁ ነው፣» ይለዋል ቨርሊን። «ንዳ፣ ኖቬላ።»

በጋውን ሙሉ ራሞና ላይ አንድ ጭረት አላየንም። እኔም ሥጋ የሚባል ነገር ይህን ያህል ሥራ ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግን ጫማው እምቢ አለው። ለማንም ሳይናገር በቢላ ከጎኑ ሰንጥቆ አጠለቀው። ተኝቶ መተንፈስ ስላቃተው ወንበር ላይ ተቀምጦ ማደር ጀመረ። እኔ ነኝ አስገድጄ ክሊኒክ የወሰድኩት። ሚስስ ኮምብስ ካልሲውን ዝቅ አድርጋ አውራ ጣቷን ቅልጥሙ ላይ ጫን አድርጋ አነሳችው። ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«ይሄ ሥጋ አይደለም፣» አለችው። «ውሃ ነው።»

«የምን ውሃ? መቶ ሠላሳ ነበርኩ እኮ። በልቼ ነው ያመጣሁት።»

«ልብዎ ደሙን ወደ ደረቀ ሳንባ ሲገፋ ሲገፋ ደከመ። መግፋት ሲያቅተው ውሃው ወደ ኋላ ይመለስና እግርዎና ሆድዎ ውስጥ ይጠራቀማል። ጨው ደግሞ ይይዘዋል። ካፖርትዎን ያውልቁ እስኪ።»

አወለቀ። እጅጌውን ሰበሰበችለት። ክንዱ አጥንትና ቆዳ ብቻ ነበር፤ በጋውን ሙሉ በዚያ ሁሉ ሙቀት ካፖርት የለበሰው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እሱ ራሱ ጠርጥሯል ማለት ነው።

«ሥጋ ቢሆን ኖሮ እዚህ ይታይ ነበር፣» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይህን ኪኒን ይውሰዱ። ያሸናዎታል፣ ውሃው ይወርድልዎታል።»

«ክብደቱስ?»

«አብሮ ይወርዳል።»

«ካልወሰድኩትስ?»

«ይሰጥማሉ፣ ሚስተር ስቲደም። ደረቅ መሬት ላይ ሆነው ይሰጥማሉ።»

ቨርሊን አመስግኖ ኪኒኑን ኪሱ ከተተ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ መስኮቱን ከፍቶ ወንዙ ውስጥ ወረወረው።

«አብደሃል?!» ፍሬኑን ረገጥኩት።

«ዝም ብለሽ ንጂ።»

«ውሃ ነው አለችህ እኮ! ጡንቻ የለህም! አንዲት ድመት ብትመጣብህ አትመልሳትም!»

«ውሃ ይሁን ሥጋ ራንዳል በምን ያውቃል?» አለኝ። «እሱ የሚያየው ሚዛኑን ነው። ራሞና ከዚያ ቤት እስክትወጣ ይህን ይዤ ልቆይላት። ሌላ የምሰጣት ነገር የለኝም።»

ለዴሲ አልነግርም ብዬ ነበር። በር ላይ ሳለሁ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ በዚያ ወጥ ቤት የሆነውን ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም። ዴሲ መጥበሻውን ከነሥጋው አንስታ ወረወረችበት፤ ጎንበስ ሲል ግድግዳውን መታውና የጋለ ሞራ መጋረጃው ላይ ፈሰሰ። እሱ ጠረጴዛውን ገለበጠው። እሷ የተሰቀለውን ታፋ ከጣሪያው ላይ በመጥረቢያ እየቆረጠች በመስኮት ጣለች፤ መስኮቱ ዝግ ነበር። መጥረቢያውን ሊቀማት እጇን ያዘ፣ እሷ በክርኗ አፍንጫውን አለችው፣ ተያይዘው ወደቁ። ሁለቱም በተሰባበረ ሳህን መሃል ተቀምጠው ያለከልካሉ፤ እሱ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አፍንጫው ይደማል።

«እኔን መበለት አድርገህ ልጅቷን ልታድናት ነው?» አለችው።

«አዎ።»

«አንተ ጅል።»

«አዎ።»

ዴሲ ፊቱን በቀሚሷ ጠረገችለት። በማግስቱ ራሞናን አስጠርታ፣ ሳታለሳልስ፣ ቁጭ አድርጋ ነገረቻት።

«እኔ ለምኜዋለሁ?» አለች ራሞና። ሕፃኗን አጥብቃ ይዛ ታለቅሳለች። «ማን ለመነው?»

«እሺ፣ ነይና እዚህ ኑሪ! ዛሬ! እሱም ኪኒኑን ይውሰድ!»

«ራንዳል እኮ ተለውጧል፣ እማዬ። በጋውን ሙሉ እጁን አላነሳብኝም።»

«የተለወጠው እሱ አይደለም፣ የአባትሽ ሆድ ነው!» ብላ ጮኸችባት ዴሲ።

ራሞና ሕፃኗን ሸፍና ወደ ባሏ ቤት ሄደች። ልቧ እንዳይሰማ የተማረች ልጅ ናት፤ ያስተማራት ደግሞ ያው ድብደባው ነው። እኔ ግን በዚያን ዕለት ጸጉሯን ይዤ ልመልሳት ፈልጌ ነበር።

ውርጩ ወረደ። የእርድ ቀን ቨርሊን ካፖርቱን ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ያበጡትን ሥሮች በሻርፕ ሸፍኖ ወጣ። አሳማዎቹን አልወጋም፤ መዶሻውን ይዞ ቆሞ ሌላውን ያዝዛል። የሚዛኑ ሰዓት ሲደርስ ማንም ሳይጠራው ጠፍሩን በብብቱ ሥር አሳልፎ ተንጠለጠለ።

«ሁለት መቶ አሥር ፓውንድ!» አለ ጠሪው።

ሰው አጨበጨበ። ራንዳል ግን አላጨበጨበም። ከጠዋት ጀምሮ አረቄ ሲጎነጭ ውሏል፤ ዓይኑ ከቨርሊን ሆድ ወርዶ የተሰነጠቀው ጫማ ላይ ደረሰ። ቀርቦ ቁጢጥ አለ። ከስንጥቁ ያበጠው ቁርጭምጭሚት ላይ አውራ ጣቱን ተክሎ አነሳ፤ ከዚያ ጉድጓዱን አየ። እሱም እንደኛው ከብትና አሳማ መሃል ያደገ ሰው ነው፣ ምን እንደሆነ ለመረዳት ነርስ አላስፈለገውም።

«ውሃ ነው!» ብሎ ዘሎ ተነሳ። «ኧረ ሰዎች፣ ሰውዬው እኮ ውሃ ነው! የተነፋ ሬሳ!» ሳቀ፤ በዚህ ጊዜ አብሮት የሳቀ አልነበረም። ወደ ራሞና ዞረ። «አንቺ ታውቂ ነበር? በዚህ ነው በጋውን ሙሉ ስታስፈራሪኝ የከረምሽው?»

በሰው ሁሉ ፊት በጥፊ ጣላት። ደግነቱ ሕፃኗ በዴሲ እጅ ነበረች። ራሞና ስትወድቅ ጭንቅላቷ የገንዳውን ጠርዝ መታው፤ ራንዳል ደግሞ በእግሩ ሊደግማት ተጠጋ።

ቨርሊን ክንድ እንደሌለው ያውቃል። መዶሻውን ለመሰንዘር አልሞከረም። እጀታውን በሁለት እጁ ከሆዱ ጋር አጣብቆ ይዞ፣ እግሩን ተክሎ፣ ዕድሜውን ሙሉ ምሰሶ ከጣሪያ ሥር እያስገባ እንደኖረው ከጉልበቱ ብድግ አለ። ያ ሁሉ ክብደት ከእጀታው ጋር ወጥቶ ራንዳልን አገጩ ሥር አገኘው። መንጋጋው ሲሰበር ድምፁን ሁላችንም ሰማን። ራንዳል በጀርባው የደም ማጠራቀሚያው ላይ ወደቀ፤ ጥርሱን ከነደሙ ይተፋል። ቨርሊን ላዩ ላይ ወደቀበት፣ ጉልበቱን ደረቱ ላይ ጫነ፣ ቢላውን ከወገቡ መዝዞ ጫፉን አንገቱ ላይ አሳረፈ። አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ሁላችንም እንዲወጋው እየጠበቅን ነበር፤ እኔ ደግሞ እየለመንኩ።

«አባዬ፣ ተው!» ራሞና ነች። ከመሬት ተነስታ ሮጠች፤ ወደ አባቷ ሳይሆን ወደ ራንዳል። የራንዳልን ጭንቅላት አቀፈች። «አባዬ፣ በእናትህ፣ ተው!»

ቨርሊን አያት። እንደዚያ ሲያያት ባላየሁ ይሻለኝ ነበር። ቢላውን ጣለ፤ ለመነሳት ሞከረና መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ሰማያዊ ሆነ፣ ከአፉ ሮዝ አረፋ ወጣ።

ሆስፒታል ውስጥ ውሃውን በመርፌና በቱቦ አወጡለት። ውሃው ሲሄድ የቀረውን አየን፤ አልጋው ላይ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። ልቡ ተጨርሷል፣ ቤቱ ወስዳችሁ አስተኙት አሉን። ቤት እንደገባ ራንዳል በሰው ልኮ ይቅር ሊባባል መምጣት እንደሚፈልግ አሳወቀ። እኛ ጋ ደግሞ ለዕርቅ የመጣን ሰው ከበሽተኛ ቤት በር መመለስ አይቻልም፤ ከመለስክ ሬሳህን የሚሸከም አይመጣም። ራንዳል ይህን አሳምሮ ያውቃል። የሚመጣው ዕርቅ ፈልጎ አይደለም፣ ቨርሊን ጉልበት ቀርቶት እንደሆነ ሊያይ ነው።

«ይምጣ፣» አለ ቨርሊን። በየቃሉ እየተነፈሰ ነው የሚያወራው። «ግን... ሙሉኝ።»

ሞላነው። ብርድ ልብሱ ሥር ትራስና አሮጌ ልብስ ጠቀጠቅን። ካፖርቱን አለበስነው፣ እጅጌው ውስጥ የኔን የሱፍ ካልሲዎች ወተፍን፣ ሻርፑን እስከ ጆሮው ጠመጠምን። መጋረጃውን ዘጋን። በመጨረሻ የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫው ራሱ ነቀለው፤ ዴሲ ልትመልስ ስትል እጇን መታት።

ራንዳል ከራሞና ጋር መጣ። መንጋጋው በሽቦ ታስሯል፣ በጥርሱ መሃል ነው የሚናገረው። በሩ ላይ ቆሞ ያን ክምር አየና እግሩ አልሄድ አለው።

«እንዴት... ነዎት፣ አባባ?»

ቨርሊን ለዚህ ያጠራቀመውን ትንፋሽ አወጣ። «እዚያው ቁም። ስነሳ... እጨርሰዋለሁ።»

ራንዳል ወደ ኋላ ሲል ከበረንዳው ወንበር ጋር ተጋጨ። መኪናው ሲነሳ ሰማን። እኔና ዴሲ ዘለን ቱቦውን መለስንለት፤ ከንፈሩ ከሰል መስሎ ነበር። ራሞና አልሄደችም። ብርድ ልብሱን ገለጠችና ትራሶቹን አንድ በአንድ አወጣች፤ በመጨረሻ የቀረላትን አየች። ከዚያ በፊት አላየችውም። ትራሶቹ በነበሩበት ቦታ አጠገቡ ተኛች፤ እሱም ጸጉሯን ዳበሰ።

ቨርሊን የሞተው እሷ አጠገቡ እያለች ነው። አጥበን ስናለብሰው ዴሲ፣ ራንዳል እንዳያየው ሣጥኑ ይዘጋ አለች። በኛ ሸለቆ ሬሳ ተከፍቶ ነው የሚቀመጠው፤ ሰው መጥቶ ግንባሩን ይነካል፤ መዝጋት ሐሜት ነው። ይታማ፣ አለች ዴሲ። ያን ጊዜ ራሞና ቀና አለች።

«አማች ሣጥኑን በራስጌ በኩል ነው የሚይዘው፣» አለች። «ቢቀልለው ባዶ እንደነበረ ያውቃል።»

ተያየን። ራሞና ሽርጧን አጥልቃ ወደ ጅረቱ ወረደች። ስትመለስ ሽርጧ ውስጥ የተሸከመችው ድንጋይ ጎንበስ አድርጓት ነበር። ሦስታችንም ተመላለስን። ድንጋዮቹ እንዳይንኳኩ በብርድ ልብስ ጠቅልለን በጎኑና በእግሩ ደረደርን፤ የመጨረሻውን፣ ትልቁን፣ ራሞና ራሷ በራስጌው በቀኝ በኩል አስቀመጠች። ራንዳል የሚይዘው እዚያ ነው።

መቃብራችን ዳገት ላይ ነው። ስድስት ወንዶች ሣጥኑን ሲያነሱ የሁሉም ፊት ተለወጠ። ግማሽ መንገድ ላይ የራንዳል ጉልበት ከዳው፤ ሣጥኑ ወደ እሱ አዘነበለ፣ እጀታው ጣቱን ላጠው፣ በሽቦው መሃል አንድ የሚያቃስት ድምፅ አወጣ። የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ላቡ በዚያ ብርድ እየተንጠባጠበ፣ ሣጥኑን በጎን ዓይኑ ያየዋል። ራሞና ከኋላው እየሄደች ነበር። ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም። እኔ እሷን ነበር የማየው፤ ፊቷ ላይ ኀዘን ነበር፣ ከኀዘኑ ጋር ደግሞ ቀስ እያለ ሌላ ነገር ይመጣ ነበር። ያን የሚያህል ጎረምሳ ድንጋይ ሲፈራ እያየች ነው።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ራንዳል ክንዷን ጨበጠ። «ነይ ግቢ። መኪናው ውስጥ።»

ራሞና መጀመሪያ እጁን አየች፣ ቀጥላ ፊቱን።

«እጅህን አንሳ፣» አለችው። «ወይስ አባቴን ልቀስቅሰው?»

ራንዳል ትኩሱን አፈር ተመለከተ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሰው ሁሉ እያየው ብቻውን ወደ መኪናው ሄደ፤ ለመክፈት ሁለቴ ሞክሮ ነው በሩ የተከፈተለት።

ራሞና ሕፃኗን ከዴሲ ክንድ ተቀብላ ቀድማን ቁልቁለቱን ወረደች፣ ወደ እናቷ ቤት።